የቀናተኛው ዱካ

በቀወት ወረዳ ዱካ ማንበብ ሲነሳ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚጠራው ሀሩን ነበር። ዛሬ ግን የማሾ ነጋዴው ተገድሎ በተገኘበት ቤት፣ ሰዉ ሁሉ ከከተማ የመጣችውን መርማሪ ሜሮንን ከቦ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል።

«ገዳዩ ችኩል አይደለም» አለች። «ከገደለ በኋላ ውሃ ጠጥቶ ጣሳውን አጥቧል። በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። የገደለውም በቅናት ነው።»

«ቅናት ደግሞ በጣሳ ይታያል እንዴ?» አለ ሀሩን።

«ይታያል፣ ጋሼ።»

ሰዉ ሳቀ። ሀሩን ከሰዉ መሃል ወጣ። እሷ ስታወራ እኔ ሰውዬውን ራሱን አንቄ አመጣዋለሁ ብሎ፣ ከጓሮ የሚወጣውን ትኩስ ዱካ ያዘ።

ዱካው የማሾውን ማሳ አቋርጦ፣ የሮቢን ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ፣ ከሀሩን ከራሱ ግቢ ገባ። ተመልሶ አልወጣም። ሀሩን እግሩን አጠገቡ ቢያሳርፍ፣ ዱካው ከራሱ ዱካ ጋር አንድ ሆነ። ቤት ውስጥ ወንድ ያወራል፤ ሚስቱ ሐምዲያ እንደ ሙሽራ ትስቃለች። ለእሱ እንዲህ ከሳቀች ዓመታት አልፈዋል።

በሩን ገፋው፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ሐምዲያ! ማነው እዚያ?»

ሳቁ ቆመ።

«ሀሩን ነዋ፤ ምሳ እየበላ ነው» አለች። «ማን ፈለገህ ልበለው?»