የአስፋልቱ ነጸብራቅ

«አሳወረኝ አልኩ እኮ! ነጸብራቁ አሳወረኝ!» ይላል ዓምሃ፣ የመኪናውን ኮፈን በመዳፉ እየመታ። ትናንት እህቴን ንግሥትን እዚሁ ዜብራ ላይ የገጫት እሱ ነው።

አደጋውን ሊመረምር ሁለታችንንም እዚህ የጠራን ትራፊክ ፖሊስ ያዘነለት ይመስላል። ዛሬም ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው አስፋልት እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። የእግዜር ሥራ ነው ብሎ ከጻፈለት የእህቴ እግር ያለ ጠያቂ ተሰብሮ ቀረ ማለት ነው።

«ይህን መነጽር አላደረግክም ነበር?» እለዋለሁ።

«አድርጌያለሁ እንጂ! ኦሪጅናል ፖላራይዝድ ነው። እሱም አላዳነኝም።»

ሞኝ። መነጽሩን ከፊቱ ላይ መንጭቄ ጋቢና እገባለሁ፤ መሪው ፊት ቁጭ ብዬ አደርገዋለሁ። የአስፋልቱ ብልጭታ ይከስማል። ዜብራው ይታየኛል፤ የሚሻገሩት ሴትዮ የነጠላቸው ጥለት ሳይቀር። ከመሪው አጠገብ በአግድም የተሰካው ስልኩ ግን ጠቁሯል። መነጽሩን ከፍ ሳደርግ ካርታው ወለል ብሎ በርቷል። ዝቅ ሳደርግ ተመልሶ ይጠቁራል።

ስለ ስልኩ ትንፍሽ ሳልል እወርዳለሁ።

«እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው» እለዋለሁ ትራፊኩን። «ብርሃን ውሃ ላይ አርፎ ሲነጥር አብዛኛው ወደ ጎን ብቻ ይርገበገባል። በየትኛው ማዕዘን ጨርሶ እንደዚያ እንደሚሆን የሚወስነው ውሃው ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ነው፤ ለመስታወት ሌላ ነው። መነጽሩ የተሠራው ይህን ወደ ጎን የሚርገበገበውን እንዲያስቀር ነው። አድርጎት ቢሆን ኖሮ ያያት ነበር።»

«እቱ፣ ክፍልሽ መሰለሽ?» ይሳለቃል ዓምሃ። «በይ እንግዲህ፣ ብርሃንም ይታሰርልኝ በያ!»

ትራፊኩ ፈገግ ይላል። ሁለቱንም ጠላኋቸው።

«እሺ፤ አድርገውና እንደ ትናንቱ ተቀመጥ።»

እየሳቀ መነጽሩን ያደርጋል፤ ገብቶ መሪውን ይይዛል። ትራፊኩ በመስኮቱ በኩል ቆሟል። እኔ ከትራፊኩ ኋላ ሆኜ፣ ዓምሃ ትናንት ሆስፒታል በር ላይ «ደውሉልኝ» ብሎ የሰጠን ቁጥር ላይ እደውላለሁ።

ስልኩ ይጮኻል። ዓምሃ ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ በአንድ ጣቱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይገፋል፤ የሚደውለውን ቁጥር ያነባል። ከዚያ ቀና ሲል የአስፋልቱ ነጸብራቅ ፊት ለፊት ይመታዋል።

«መነጽሩን እንዳትነካው! ትናንትም ግንባርህ ላይ ነበር ማለት ነው» ይላል ትራፊኩ።

የዓምሃ ጣት ግንባሩ ላይ ባለው መነጽር ላይ እንዳለ ቀረ። የተጨፈነው ዐይኑ እንባ አቅርሯል።