የታጉ ባለቤት

«ለኤጀንቱ ጻፊለት በቃ» አለ አለቃው ከወንበሯ ኋላ ቆሞ። «‹ለቀጣይ እትም› የሚል ታግ ይፍጠርና አራቱን ቴስቶች እዚያ ይክተታቸው።»

ቴስተሯ ወዲያው አልጻፈችም። ከጠዋት ጀምሮ ከመቀመጥ ብዛት ወገቧ ደንዝዟል፤ ዐይኖቿም አሸዋ እንደገባባቸው ይቆረቁሯታል። ሥራዋ ሶፍትዌር ሰው እጅ ሳይገባ እንከኑን መፈለግ ስለሆነ ቢሮው ውስጥ «ነገረኛዋ» ይሏታል። ድሮ ትስቅ ነበር። አሁን ነገረኛ ለመሆንም ጉልበት አነሳት።

ሶፍትዌሩ ሆስፒታል ውስጥ ለሕፃናት የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ነው። ነርሷ የሕፃኑን ክብደት ተሳስታ አስገብታ ስታርመው፣ አንዳንዴ ክብደቱ ይታረምና መጠኑ የቀድሞው እንደሆነ ይቀራል። ከአሥር አንዴ ቢሆን ነው። አራቱ ቴስቶች፣ ማለትም ሶፍትዌሩን የሚፈትሹት ሙከራዎች፣ የሚወድቁት በዚህ ነው፤ የወደቀ ቴስት እያለ ደግሞ ሶፍትዌሩ አይለቀቅም። ያ ታግ፣ ያ መለያ ጽሑፍ፣ የተለጠፈበት ቴስት ግን ከወደቁት ቆጠራ ይወጣል። ደንበኞቹ ደግሞ ሶፍትዌሩን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠብቃሉ።

«በሚቀጥለው ሳምንት እናስተካክለዋለን» አለ አለቃው። «እኔም እኮ ከላይ እየተጮኸብኝ ነው፣ እህቴ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ተረቱን ለሻይ ሰዓት አቆዪልኝ።»

ፈገግ አለች እንጂ ልቧ አልሳቀም። ስንቴ ተከራክራለች፤ በመጨረሻ ያው እነሱ ያሉት ይሆናል። ድሮ ቢሆን ቴስቶቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ስትለጥፍ ሐሳቧን የምትቀይርበት ጊዜ ነበራት። አሁን የታዘዘውን ራሱ የሚሠራ የኤአይ ኤጀንት መጥቷል፤ አንድ መስመር ከጻፉለት ሁሉን ጨርሶ ይጠብቃል።

ጻፈች። ኤጀንቱ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ጨዋ ነው፤ ግልጽ ያልሆነለትን ሳይጠይቅ ምንም አይነካም።

«ተመሳሳይ ታግ አለ» ሲል መለሰ። «‹በኋላ የሚታይ› ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት በእርስዎ የተፈጠረ ነው። ስድሳ ሦስት ቴስቶች አሉበት፤ እስካሁን አንድም አልወጣም። እሱን ልጠቀም ወይስ አዲስ ልፍጠር?»

ፊቷ ጋለ። ያኔ አለቃው ገና አልተቀጠረም ነበርና የምታመካኝበት ሰው አጣች። ስድሳ ሦስቱንም «ነገ አያቸዋለሁ» እያለች የከተተቻቸው ራሷ ናት።

«አዲስ ይፍጠር» አለ አለቃው ቶሎ ብሎ፤ እሷም ጻፈች።

«እሺ» አለ ኤጀንቱ። «ይህ ታግ ቴስቶችን ከቆጠራ ስለሚያስወጣ ኃላፊ ያስፈልገዋል። በማን ስም ይመዝገብ?»

እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ሌላ አራት የምትሸከምበት ትከሻ አልነበራትም።

«ያንተን ልጻፍ?» አለችው። ልትወጋው ብላ አይደለም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው።

አለቃው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «እስቲ አሳዪኝ» አለ። ስለ ችግሩ በሪፖርት አንብቧል እንጂ በዐይኑ አይቶት አያውቅም።

የሙከራ መዝገብ ከፈተችለትና ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋችው። እንደ ነርሷ መጀመሪያ የተሳሳተ ክብደት እንዲያስገባ፣ ቀጥሎ እንዲያርመው ነገረችው። ቴስቶቹ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጻፈው ሕፃን አሥር ኪሎ ነው፤ ለሒሳብ ይመቻል። እሱ ግን መጀመሪያ አሥራ ስድስት ነጥብ ስምንት ጻፈና፣ ለአፍታ እንኳ ሳያስብ ስድስት ነጥብ ስምንት ብሎ አረመው። የሕፃን ክብደት እስከ ነጥቡ እንዲህ አድርጎ የሚያውቀው በቅርቡ ልጁን ያስመዘነ አባት ብቻ ነው። እሷም ይሄን ተረዳች።

በመጀመሪያው ሙከራ መጠኑ ልክ መጣ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ልክ መጣ። በሰባተኛው ግን ክብደቱ ስድስት ነጥብ ስምንት ሆኖ መጠኑ የአሥራ ስድስት ነጥብ ስምንት ኪሎ ልጅ መጠን እንደሆነ ቀረ። ምንም ቀይ መብራት፣ ምንም ማስጠንቀቂያ አልነበረም።

«ይሄ ነው?» አለ።

«ይሄ ነው።»

ስልኩን አንስቶ ለበላይ አለቃው ደወለ። «ዛሬ አይለቀቅም» አለ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ጩኸት ለእሷም ይሰማት ነበር። አለቃው ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ፣ ዐይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል፣ እስኪያበቃ ጠበቀ።

እሷ ኪቦርዱን ወደ ራሷ መለሰች፤ ከስድሳ ሦስቱ የመጀመሪያውን ከፈተች።