ዘገምተኛዋ ሚስት

የማዘጋጃ ቤቱ ማርሽ ባንድ መሪ ሚስቱ መታመሟን ያወቀው በደረጃው ነው።

ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚስቱ ደረጃውን ድሮ በአርባ ምት ትወጣው ነበር። አሁን ስድሳ ይፈጅባታል። በራፉ ላይ ቆሞ ሦስት ቀን ቆጠረ፤ ሦስቱንም ቀን ስድሳ።

ምት የሚቆጥረው በራሱ የደም ሥር ነው። ወጣት ሳለ ለሥራ ሲመረመር ሐኪሙ፣ «ልብህ በደቂቃ ስድሳ ትመታለች፤ ሰዓት የሚሞላባት ልብ ናት» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ የባንዱን ምት መቁጠሪያ መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ሁለት ጣቱን አንጓው ላይ ያሳርፋል፣ ዱላውን ያነሳል፣ ማርሹ ይጀመራል። መልኩን ፈጣሪ ቸኩሎ እንደሠራው ራሱ ይናገራል። «ልቤ ላይ ሲደርስ ግን ቁጭ ብሎ ነው የሠራት» ይላል።

ደረጃው ብቻ ቢሆን በዕድሜ ያሳብብ ነበር። ግን መስኮት በከፈተ ቁጥር ትዘጋለች። እሱ በካናቴራ ሲቀመጥ እሷ ሹራብ ትደርባለች። እሱ ማልዶ ተነስቶ የቤቱን ጫማ ሁሉ ጠርጎ ሲጨርስ እሷ ገና ትገላበጣለች። እሱ ሁለተኛውን ሳህን ሲጠርግ እሷ የመጀመሪያውን ታመነዥካለች። ልብስ ማጠቡም ጠፍቶባታል፤ በአንድ እጥበት የሱሪውን ወገብ አስፍታ፣ የሸሚዙን አንገት አጥብባ መለሰችለት።

«ውሃ ውስጥ ረስተሽው ነው?»

«የቱን?»

«ሁለቱንም!»

«እንደ ድሮው ነው ያጠብኩት» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ቀስ ብላ» የሚለውን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ መዘገበ። በስሜት የሚፈርድ ሰው አይደለም።

ነገሩ የተገለጠለት ፋርማሲ በራፍ ላይ ባነሳው በራሪ ወረቀት ነው። አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ትንሽ እጢ አለች ይላል ወረቀቱ። የምታመነጨው ሆርሞን ሲያንስ ሰውየው ይበርደዋል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ንግግሩ ይጎተታል። ካልታከመ ልቡ ይዳከማል፤ ራሱን ስቶ በዚያው ሊቀርም ይችላል። መድኃኒቱ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን ነው፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ።

«ሲበዛስ?» የሚለውን የወረቀቱን ጀርባ ሳያነበው የባንዱን የልምምድ ፕሮግራም ጻፈበት። ከዚያ መንገድ ዳር ቆሞ አለቀሰ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረችውን ሴት አንዲት እጢ ልትነጥቀው ነው! ያለ እሷ የካልሲውን ጥንድ እንኳ አያገኝም።

ኪኒኑን ሊገዛ ገባ። ፋርማሲስቷ፣ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም» አለችው፤ እሷም ቃሏን እየጎተተች።

ባንዱም በዚሁ ሰሞን ለገመ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አለ በሆዱ። በርሜል የሚሉት ከበሮ መቺ ልምምዱን አቋርጦ እያለከለከ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ ማርሽ ነው ወይስ ሌባ እያሳደድን ነው?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ፍጥነት ነው! ሆድህን ቀንስ!»

«ኧረ ትራምፔት ነፊዎቹን ይዩአቸው። ከንፈራቸው ሊወልቅ ነው።»

«ተነስ! እንደገና ከመጀመሪያው!»

ያን ቀን እቤት እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሚስቱ ፊት ቆመ።

«ታመሻል። ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

ሚስቱ አየችው። ሃያ ምት ያህል አየችው።

«እሺ» አለች።

ለክርክር ተዘጋጅቶ ነበርና ግራ ገባው። «እሺ?»

«እንሄዳለን። ካርዱን ግን እኔ አወጣለሁ። አንተ ወረፋ ላይ ከሰው ትጣላለህ።»

አልዋሸችም። ሰሞኑን ከማዘጋጃ ቤቱ አሳንሰር ጋር ሳይቀር ተጣልቷል።

የእጢና የሆርሞን ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት። ገና ወንበር ሳይስብ ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ጀመረ፦ ደረጃው፣ ሹራቡ፣ እንቅልፉ፣ እጥበቱ። ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ወደ ዋናው ማስረጃ ደረሰ።

«የእኔ ልብ ስድሳ ስትመታ የእሷ አርባ አንድ ብቻ ናት። ራሴ ነኝ የቆጠርኩት።»

«እሳቸው ራሳቸው ቢናገሩስ?»

«እስክትናገር ይመሻል፣ ዶክተር።»

ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሐኪሟ የግድግዳውን ሰዓት እያየች የሁለቱንም አንጓ ተራ በተራ አንድ አንድ ደቂቃ ያዘች። የሁለቱንም አንገት ዳሰሰች። «ለማነጻጸር ነው» አለች። ደስ አለው፤ በማስረጃ የምትሠራ ሴት ናት። የደም ምርመራ ማዘዣውን ስትሰጠው ወረቀቱ እጁ ላይ ተርገፈገፈ።

«ነፋስ አለ» አለ።

«ውጤቱ እስኪመጣ የልብ ምት የሚያረጋጋ ኪኒን እጽፋለሁ» አለች ሐኪሟ።

«ማረጋጋት?» ከወንበሩ ተነሳ። «ዶክተር፣ ይቺ ሴት ከዚህ በላይ ከተረጋጋች እኮ ሐውልት ናት! የሚያፈጥን ነው የሚያስፈልጋት! ምናልባት የሌላ ሰው ካርድ እንዳይሆን፣ እስቲ ስሙን ይዩት።»

ሐኪሟ ካርዱን አዙራ ጠረጴዛው ላይ ገፋችለት።

ሽፋኑ ላይ፣ በሚስቱ የተረጋጋ የእጅ ጽሕፈት፣ የሰፈረው የእሱ ስም ነበር።