የላንድሮቨሩ ኮምፓስ

ላንድሮቨሩ ጋራዡ በር ላይ ሲቆም አብዲቃድር አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። የመጣውን ሰው በድምፁ አወቀው።

"አብዲ፣ እስቲ ውጣ።"

ገብረ መድኅን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ተኝተዋል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የአብዲቃድርን ስም ጠራ። አብዲቃድር ታሰረ፣ ተገረፈ፤ ሲፈታ ወደ ምህንድስና ትምህርቱ እንዳይመለስ ተከልክሎ ድሬዳዋ ገባ። ገብረ መድኅንም ዘንድሮ ካድሬ ሆኖ እዚያው ድሬዳዋ ተመደበ።

"ኮምፓሱ አብዷል" አለ ካድሬው።

መኪናው የከርሰ ምድር ነዳጅ ሲፈልጉ ከነበሩ ፈረንጆች የተወረሰ ነው። ኮምፓሱ ከመሪው ፊት ለፊት ዳሽቦርዱ ላይ ተገጥሟል። ባለፈው ሳምንት አዲስ የመገናኛ ራዲዮ አስገብተውለት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መርፌው ሰሜንን አያውቅም።

የጋራዡ ባለቤት ሰማታር ከጥላው ሥር ሆኖ፣ "ጓድ፣ የመንግሥት ጋራዥ ተዘጋ እንዴ?" አለ።

"እዚያ ወሬ ይበዛል።"

"እኛ ጋ ደግሞ ዝንብ ይበዛል። ወዴት ነው ጉዞው?"

"ጀልዴሳ። ከጀልዴሳም ወዲያ፣ ሜዳውን።"

አብዲቃድር እጁን የሚጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠ።

ከጀልዴሳ ወዲያ መንገድ የለም። ያለው ሜዳና የዘላን ሰፈር ነው። ታናሽ እህቱ ፋርሒያ ወረቀት በትነሻል ተብላ ስትፈለግ፣ እዚያ ግመል ከሚጠብቁ ዘመዶች ጋር ተደብቃለች። ከተያዘች እንደማትመለስ ሁሉም ያውቃል። እናታቸው በድሪያ ወደ ጅቡቲ የሚያሻግራት ሰው ስታፈላልግ ሰንብታለች፤ ማን እንደሆነ ግን ለልጇ አትነግረውም። "አንዴ ተገርፈሃል፤ ሁለተኛ አትችልም። ያላወቅከውን አታወጣም" ብላዋለች። ዛሬም የለችም። ሐርላ መንደር ለቅሶ አለብኝ ብላ ሄዳለች።

"እህትህ ደህና ናት?" አለ ገብረ መድኅን ድንገት። ዓይኑን ከኮምፓሱ አላነሣም።

"የት እንዳለች አላውቅም።"

"ጎበዝ። ለማንም እንደዚሁ በል።"

አብዲቃድር ሞተሩን አጠፋ። መርፌው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ራዲዮውን ዘጋ፤ ያው ነው። የራዲዮውን ድምፅ ማጉያ ፈትቶ ሲያርቀው ግን መርፌው ተከትሎት ዞረ።

"የድምፅ ማጉያው ማግኔት ነው የሚስበው። ወደ ኋላ ላዛውረው።"

ከኋላ ሁለት በርሜል ውሃ፣ ብርድ ልብስና አንድ ከረጢት ተምር ተጭኗል። ወታደር የለም፤ መሣሪያም አላየም።

"ብቻህን ነህ?"

"ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አለኝ" አለ ካድሬው። "የምነዳው በጨለማ ነው፣ መብራት ሳላበራ። ኮከብ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ይህን መርፌ ብቻ ነው የማምነው።"

ማጉያው ከተዛወረ በኋላ ማስተካከል ቀረ። ከኮምፓሱ ሥር ሁለት ብሎኖች አሉ። አንደኛው መኪናው ወደ ሰሜን ሲያቀና የሚፈጠረውን ስሕተት ያርማል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ሲዞር ያለውን።

"ሰሜኑን በምን ልታውቅ ነው?" አለ ካድሬው።

"አጠገባችን ባለው መስጊድ።"

"ቂብላችን፣ ዞረን የምንሰግድበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ይላል" አለ ሰማታር። "ከፈረንጁ ዕቃ በፊት የነበረ ኮምፓስ ነው፣ ጓድ።"

ገብረ መድኅን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "ይህን ስብሰባ ላይ እንዳትደግመው።"

መኪናውን ከመስጊዱ የጎን ግድግዳ ጋር አስተካክለው አቆሙት። አብዲቃድር ማግኔት የማይስበውን የነሐስ ካቻቢቴውን አስገብቶ የመጀመሪያውን ብሎን አዞረ። መርፌው ልክ ገባ።

ሁለተኛው ላይ እጁ ቆመ። ይህን ብሎን አላግባብ ቢያዞረው መስጊዱ አጠገብ የቆመ ሰው ምንም አያይም፤ ሰሜኑ ልክ ነው። ከጀልዴሳ ወዲያ ሰሜን ምሥራቅ ብሎ የሚነዳ ሰው ግን ሳያውቀው ወደ ምሥራቅ ይጠመዝዛል። እዚያ ሰፈርም ጉድጓድም የለም። መኪናው ነዳጁን ይጨርሳል፤ ከዚያ ሁለቱ በርሜል ውሃም ያልቃል።

እስከ መጨረሻው አዞረው።

"ዞር አድርገህ ልትሞክረው ትችላለህ" አለ።

ካድሬው መርፌውን አየ፣ ግድግዳውን አየ። "አልሞክርም። አንተን አምናለሁ።" መሪውን ጨበጠ። "አብዲ፣ ያን ጊዜ እኔ..."

"ሂድ፣ ይመሽብሃል።"

ላንድሮቨሩ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ሰማታር በዓይኑ ሸኘው። "አቦ ይህ ሰውዬ ደስ አይልም" አለ። "ካድሬ ሲያመሰግን ሰምተህ ታውቃለህ?"

አብዲቃድር ካቻቢቴውን ጠርጎ አስቀመጠ። ከታሰረ ወዲህ እንደዚያ ምሽት ያለ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።

በማግስቱ ቀትር ላይ በድሪያ ከአንድ የወተት መኪና ወረደች። ሽንሽን ቀሚሷ በአቧራ ነጥቷል። መኪናው የመጣው ከጀልዴሳ ነው።

"ሐርላ አልነበርሽም?"

"ዋሸሁህ ልጄ፣ አፉ በለኝ።" ጎማ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈክቷል። "ፋርሒያን ከዘመዶቻችን ዘንድ አምጥቼ ጀልዴሳ መንገድ ዳር አቆየኋት። ትናንት ሲመሽ መኪና ላይ ወጣች፣ አልሐምዱሊላህ። ነገ ጅቡቲ ናት።"

"ከማን ጋር?"

"አትቆጣ። ያ ያሳሰረህ ልጅ ነው፤ እሱም አብሯት ሊጠፋ ነው። ከወር በፊት ቤት ድረስ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ፤ እኔም መጀመሪያ አላመንኩትም።"

ከዚያም ሳቅ አለች።

"ትናንት ሳለቅስ ሲያየኝ ምን አለኝ መሰለህ? 'እማማ፣ አይስጉ፤ ኮምፓሱን ያስተካከለው ወንድሟ ነው።'"