የባልዲው ቄጠማ

እናቲቱ እንዳለች ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ በረንዳዋ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ከባልዲው የነቀለችውን ቄጠማ ከነጭቃው ታቅፋ ነበር። ሥሩ ዝገት የለበሰ ይመስል ቀልቷል። ልጇ ኢሊሊ የፌስታሉን አፍ ከፍታ ትጠብቃት ነበር፤ ከምትሠራበት ላቦራቶሪ የቄጠማውን ምርመራ ውጤት ያመጣችው እሷ ናት። «ሥሩ የባትሪ እርሳስ ጠግቧል፣ እማዬ። ጣይው» አለቻት።

«ቅጠሉስ? ነገ እኮ ግንቦት ልደታ ነው። ለጎረቤቱ ግቢው ላይ ምን ልጎዘጉዝ ነው?»

«ቅጠሉ ደህና ነው። መርዙን ሥሩ ይዞ ያስቀረዋል፤ ወደ ላይ አያሳልፈውም። እዚያ የድሮ ቤታችን ወንዝ ዳር ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ የለመለመው ለዚህ ነው።»

እንዳለች ሥሩን አገላብጣ አየችው። ቄጠማውን ከነጭቃው ያመጣችው የድሮ ቤታቸው ሲፈርስ፣ ከጓሯቸው ወንዝ ነበር። ሟች ባሏ ሚደቅሳ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያረጀ የመኪና ባትሪ ሲፈታ ይውልና፣ ሲጨርስ እጁን በዚያው ውኃ ታጥቦ ይገባ ነበር። ልብሱን ለዘመድ አከፋፍላለች። የተቀዳ ድምፁም ከተሰረቀው ስልኳ ጋር ሄዷል። ከእጁ የታጠበው ግን እዚህ ሥር ውስጥ ቀርቷል።

ቅጠሉን በቢላ ቆርጣ ለኢሊሊ አቀበለቻት። ሥሩን ግን ወደ ባልዲው መልሳ፣ ጭቃውን በመዳፏ ቀስ እያለች ጠቀጠቀችው። ኢሊሊ ይህን ስታይ ፌስታሉን አጣጥፋ ገባችና ውኃና ሳሙና ይዛ ተመለሰች።

«በይ ላስታጥብሽ። መርዝ ነው፣ እማዬ።»

እንዳለች ጭቃ የያዙ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ትንሽ ይቆይልኝ» አለች።