አልጠቁር ያለችው መስኮት

«አንቺ ነሽ የነካሽው?»

«ምኑን?»

«መስኮቱን ነዋ!»

ሚስትየው የልብስ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከጓዳ ብቅ አለች... «እኔ ስሰፋ ነው የዋልኩት። ያንተን አሻንጉሊት የምነካበት ጊዜ አለኝ እንዴ?»

ሰውዬው ጥርስ ሠሪ ነው። ቀን ቀን ለሰው ጥርስ ሲቀርጽ ይውልና ማምሻውን ሳሎን ገብቶ ትንሽዬ ፋብሪካ ይገጣጥማል።

ቁርጥራጩ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ነው። ቀይ ጡብ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ረጅም ጭስ ማውጫ፣ በሩ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታክል የዘበኛ ቤት...

ታዲያ ተሠርቶ ሲያልቅ አዲስ መምሰል የለበትም። ዋናው ጥበብ እሱ ነው። የዛገ፣ ጭስ የጠጣ፣ ዘመን ያለፈበት መምሰል አለበት።

ጭስ ማውጫው ላይ ዝገት ቀባ። ከሰል በብርጭቆ ወረቀት ፈጨና መስኮቶቹን በሙሉ በደረቅ ብሩሽ አጠቆራቸው።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ... አንዷ መስኮት ንጹሕ ናት!

ላይኛው ፎቅ፣ ዳር ላይ ያለችው። ቁልጭ ብላ ታበራለች።

«ንፋስ ይሆናል» አለና መልሶ አጠቆራት።

በማግስቱም ያው... ያቺው መስኮት ብቻ። ሌሎቹ እንደጠቆሩ ናቸው።

እኔ ብሆን ፋብሪካውን ከነካርቶኑ አውጥቼ ወርውሬው ነበር። እውነቴን ነው!

ሳሎን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው እናቱ ብቻ ናት። እሷን ደግሞ ማንም ከሰው አልቆጠራትም።

በሽታ ከጣላት ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም። ጠዋት ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ያስቀምጧታል፤ በዚያው ትውላለች። ሐኪሙም «ማንንም አትለይም» ብሏቸዋል።

ለዚህ ነው ቅዳሜ ወደ አረጋውያን ማቆያ እንድትገባ የተወሰነው። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«የትም ብትቀመጥ ለሷ አንድ ነው» ነበር ያለው ልጇ።

«ቆይ ግን» አለች ሚስቱ፣ «የእማማ ሹራብ እጅጌ ባጠብኩት ቁጥር ጥቀርሻ የሚሆነው ለምንድነው? ከወንበር የማይነሱ ሰው!»

«ከሰሉ በኖ ነዋ።»

አርብ ጠዋት ፋብሪካውን ጨርቅ አልብሶት ወጣ።

ሲመለስ ጨርቁ መሬት ወድቋል። መስኮቷም እንደ ልማዷ ታበራለች።

ብሩሹን ያዘና በፋብሪካው በር በኩል ጎንበስ አለ...

በመስኮቷ ውስጥ ዓይን አየ።

እያየው ነው... ደግሞ ጨፈን ገለጥ አለ!

«ወይኔ!» ብሎ ሲያፈገፍግ ከኋላው የነበረውን ወንበር ይዞ ወደቀ።

ለካ እናቱ ናት። የፋብሪካው የጀርባ ግድግዳ ገና አልተለጠፈም። እሷ ከበስተኋላ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ዘንበል ብላለች።

«ኧረ እማዬ! ነፍሴን ልታወጫት ነው እንዴ?» ደገፍ አድርጎ አቃናት። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መስኮቷን መልሶ አጠቆራት!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ እናቱን ሊሰናበቱ መጡ። ድሮ ትሠራበት በነበረው ፈትል ፋብሪካ ዘበኛ የነበሩ ናቸው። ፋብሪካው ልጁ ነፍስ ሳያውቅ ፈርሷል።

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው ጎንበስ አሉ። መስኮቷ ዛሬም ጸድታለች።

«ይሄ ቁርጥ የኛ ፋብሪካ! ይቺን መስኮት ግን ማን ነገረህ?»

«የቷን ጋሼ?»

«የምታበራዋን ነዋ! እናትህ አላጫወተችህም? ማሽኗ እኮ እዚች መስኮት ሥር ነበር።»

ጥርስ ሠሪው ክው አለ።

«አንተን የሚይዝላት ሰው አልነበራትም። በፈትል ካርቶን አስተኝታህ እኔ ጋ ዘበኛ ቤት ትተውህ ነበር። መስታወቱ ደግሞ በጥቀርሻ ወዲያው ይጠቁራል። እሷ አለቃዋ ዞር ባለ ቁጥር በእጅጌዋ ትወለውልና አንተን ታያለች። ይጠቁራል... ትወለውላለች። ‹አባርርሻለሁ› ቢላት ወይ ፍንክች! እግር አውጥተህ እስክትሮጥ ድረስ ያቺ መስኮት ጠቁራ አታውቅም።»

ልጁ ዞር ብሎ የእናቱን እጅጌ አየ። ጫፉ ከሰል ነው።

እሷ ከተቀመጠችበት፣ በዚያች መስኮት በኩል የሚታየው የሳሎኑ በር ነበር... ልጇ ከሥራ ሲመለስ የሚገባበት በር።

«እኔ ነኝ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «በየቀኑ እያጠቆርኩባት የነበረው እኔ ነኝ!»

ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ፊቱን ከትንሿ ዘበኛ ቤት ትክክል አድርጎ ቀና ሲል... ዓይኗ እዚያው ነው።

አሁን አልጮኸም።

«እማዬ... እዚህ ነኝ፤ አለሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ።

ውጪ ከማቆያው ሊወስዳት የመጣው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ሚስቱ ወጣችና ሹፌሩን «ሂድ ወንድሜ፣ ቀርቷል» አለችው። ስትመለስ ሻንጣውን ይዛ ጓዳ ገባች።

ወዳጆቼ... የታመመ ሰው መያዝ ቀላል ነው አላልኩም። የያዘ ያውቀዋል።

ግን ሰው ስማችንን ረሳ ማለት እኛን ረሳ ማለት አይደለም። «አታውቀኝም» ብለን ሻንጣ ከማዘጋጀታችን በፊት፣ ጎንበስ ብለን ዓይኗ የት እንዳለ እንይ።

እናንተን ለማየት መስታወት ስትወለውል የኖረችው ማን ናት? ለመጨረሻ ጊዜ «እዚህ ነኝ» ያላችኋትስ መቼ ነው?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ከዚያ በፊት ግን ለሷ ደውሉ።