የልኬለሽ እጅ

በዚህ አገር ቧንቧ የሚታዘዘው የመኖሪያ ፈቃድ ላለው እጅ ብቻ ነው። የታላቅ እህቴ የልኬለሽ እጅ ሕጋዊ ነው፤ የእኔ ሕገወጥ። ሙያ ቢጠየቅ የኔ ይበልጥ ነበር፤ ቧንቧ ግን ሙያ አያውቅም። ስለዚህ ጸጉሬን ስታጠብ እሷ ቧንቧውን ትይዝልኛለች።

«ቶሎ በይ እንጂ! ለሰርግሽ ነው እንዴ?»

«እታለም፣ እጅሽን እንዳታነሺ! ሳሙናው ዓይኔ ገብቷል።»

ውሃው ድንገት ቆመ። ከግድግዳው ትሁት ድምፅ መጣ፦

«ወይዘሮ ልኬለሽ፣ ይህ የሁለት ሰው ውሃ ነው። ሁለተኛዋን ካላሳወቁን ፈቃድዎ አሁኑኑ ይሰረዛል።»

«እታለም?» አልኳት፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ።

ከጸጉሬ የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል።

ከዚያ ስሜን ከነአባታችን ስም ነገረችው። ውሃው ወዲያው መጣ፤ ከወትሮው ሞቅ ያለ ነበር።